ጸሎትና ሽርሽር በሸቶኳ ሐይቅ ዳር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለነበረ አጥባቂ አሜሪካዊ ፕሮቴስታንት፣ ሥራ ትቶ መዝናናት ሕሊና የሚቆረቁር ነገር ነበር። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለውን ተረታችንን ቢሰማ ኖሮ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ግን የባቡር ሐዲዱ በየአቅጣጫው ተዘረጋ፤ ጥቂት ገንዘብ የተረፈው የከተማ ቤተሰብም በዛ። የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ሲመጣ ከከተማ መውጣት አማረው። የመዝናኛ ሥፍራዎቹ ደግሞ መጠጥ፣ ካርታና ጭፈራ የማይጠፋባቸው ናቸው። ታዲያ ወዴት ይሂድ?

አንዱ መልስ ሜቶዲስት ከሚባሉት ፕሮቴስታንቶች የድንኳን ጉባኤ ተገኘ። ምእመናኑ ቀድሞም ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክለው ስብከት እየሰሙ፣ በንስሐ እያለቀሱ ይሰነብቱ ነበር። በ1869 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኒው ጀርሲ የተመሠረተችው ኦሽን ግሮቭ ይህንኑ ጉባኤ ወደ ባሕር ዳር ወሰደችው። ጸሎቱና ዋናው በአንድ መንደር ተገናኙ።

ከአምስት ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ ግዛት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሸቶኳ ሐይቅ አጠገብ ሁለት ሜቶዲስቶች ሐሳቡን አራቀቁት። ጆን ሄይል ቪንሰንት ፓስተር ሲሆኑ፣ ሉዊስ ሚለር የኦሃዮዋ አክረን የእርሻ መሣሪያ አምራች ነበሩ። ቪንሰንት የድንኳን ጉባኤውን ለቅሶና ጩኸት አይወዱም። የፈለጉት የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንን ማሠልጠን ነበር። በኦገስት 1874 የተጀመረው ጉባኤ ሁለት ሳምንት ዘለቀ፤ ሰዉ በእንፋሎት ጀልባ እየመጣ ዛፍ ሥር ተማረ፣ ጸለየ፣ ቀዘፈ።

የሁለቱ ሰዎች ብልሃት በሐይቁ ዳር ባሠሩት የፍልስጥኤም አምሳያ ላይ በግልጽ ይታያል። ሐይቁ ሜዲትራኒያን ሆነ፤ ዮርዳኖስና ሙት ባሕር በአፈሩ ላይ ተቀረጹ። ሐይቁ ከመንደሩ በስተምሥራቅ ስለሚገኝ አቅጣጫው ሁሉ ተገልብጦ ሰሜኑ ደቡብ ሆነ። ሽርሽር የወጣ ቤተሰብ በእግሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ጂኦግራፊ ያጠና ነበር። መዝናናቱ ራሱ ትምህርት ስለሆነ ማንም ሥራ ፈት ተብሎ አይታማም። እሑድ ደግሞ በሩ ይዘጋ ነበር፤ ጀልባም በወደቡ አይቆምም ነበር። የቲኬት ገቢው ቢቀርም ሰንበቱ አይነካም ነበር።

በ1875 ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት መጡ፤ ቪንሰንት ቀድሞ በጋሊና፣ ኢሊኖይ ፓስተራቸው ነበሩ። በ1878 ለአራት ዓመት የሚዘልቅ የቤት ውስጥ የንባብ ትምህርት ተጀመረና ወደ ሐይቁ መምጣት ላልቻሉትም ደረሰ። በ1881 ትልቁ የእንጨት ሆቴል ተከፈተ። ድንኳኑ ቀስ በቀስ በጎጆ ቤቶች ተተካ፤ ምቾቱም ጨመረ።

ጥያቄውም ከዚሁ ምቾት ተነሣ። በ1896 ፈላስፋው ዊሊያም ጄምስ ጥቂት ቀናት በዚያ ቆዩ። ንጽሕናውን፣ ሙዚቃውን፣ ትምህርቱንና የሰዉን ጨዋነት አደነቁ፤ ሲወጡ ግን እፎይ አሉ። ድካም፣ አደጋና ትግል የሌለበት ሕይወት ጣዕም አጣባቸው።

ትችቱ ሱባኤ ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ጥሬ ቆርጥሞ፣ መሬት ላይ ተኝቶ የሚጸልይ ሰው ምቾትን ትቶ ነው ፈጣሪውን የሚፈልገው። የሸቶኳ መሥራቾች ግን በተቃራኒው አካሉ ያረፈ ሰው ልቡም ለመስማት ይከፈታል ብለው አመኑ። ጄምስ ስለ ምቾቱ ያዩት እውነት ነው፤ ሆኖም የመሥራቾቹ ሥራ የሚመዘነው ከገዳም ጋር ሳይሆን ያኔ ከነበረው ምርጫ ጋር ነው። ገዳም የማይገባ፣ ልጆች የሚያሳድግ፣ ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው በዕረፍቱ እምነቱን ቤት ትቶ እንዳይሄድ መንገድ ከፈቱለት። ዛሬ በዘጠኝ ሳምንቱ የሸቶኳ ወቅት ኮንሰርቱና ንግግሩ ብዙ ነው፤ አምልኮ ግን ከፕሮግራሙ አልወጣም።