ያልተገኘው መሣሪያና ባለ ቀንዱ ሮቦት

ሮቦት ከሮቦት የሚዋጋበት ኮሚክ ምን ቁም ነገር ይወጣዋል የሚል ካለ፣ ጃፓኖች በ2003 ማተም የጀመሩትን «ፕሉቶ»ን ያንብብ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ኢራቅ ወረራ ብዙ ተጽፏል። «ጦርነቱ የታወጀበት ማስረጃ የታለ?» የሚለውን ጥያቄ እንዲህ አድርጎ የያዘ የሥዕል ልብ ወለድ ግን ሌላ አላየሁም።

ታሪኩ መሠረቱ አሮጌ ነው። ኦሳሙ ቴዙካ ከ1952 እስከ 1968 በአንድ የልጆች መጽሔት ላይ ያወጣው የነበረ፣ ውጭ አገር «አስትሮ ቦይ» ተብሎ የታወቀ፣ አቶም የሚባል የልጅ ሮቦት ታሪክ አለ። ቴዙካ በ1945 ኦሳካ በቦምብ ስትደበደብ በጦር ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት ነበር። በ1964 በጀመረው አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ሱልጣን ፕሉቶ የሚባል ባለ ቀንድ ግዙፍ ሮቦት አሠርቶ የዓለምን ሰባት ኃያላን ሮቦቶች እንዲያጠፋ ይልከዋል። ልጆቹ የፈረስ ጉልበት ይቆጥሩ ነበር፦ አቶም 100 ሺህ፣ ፕሉቶ 1 ሚሊዮን። ማን ያሸንፋል? ጥያቄው በዋናነት ይኸው ነበር።

አሁን ወደ 2003 እንምጣ። በቴዙካ ድርሰት አቶም የተወለደው ኤፕሪል 7 ቀን 2003 ነው። እውነተኛው 2003 ሲደርስ ኮሊን ፓወል ፌብሩዋሪ 5 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ስለ ሳዳም ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ተናገረ። ማርች 20 ወረራው ተጀመረ። የአቶም ልደት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ባግዳድ ወደቀች። ናኦኪ ኡራሳዋ ያንን የልጅነቱን ታሪክ እንደ አዲስ መሣል የጀመረው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ነው። የቴዙካ ልጅ ማኮቶ ቴዙካ መጀመሪያ ፈቃድ ከልክሎ ነበር፤ በኋላ «የአባቴን አትቅዳ፣ የራስህን ሥራ» በሚል መንፈስ ፈቀደ።

ድብድብ ጠብቆ የመጀመሪያውን ቅጽ የከፈተ አንባቢ ለቅሶ ቤት ይገባል። ሞን ብላን የሚባለው የስዊዘርላንድ ሮቦት ተበጣጥሶ ተገኝቷል፤ ሰዎች ያለቅሱለታል። ገዳዩን የሚያድነው ጌዚሽት የተባለ የዩሮፖል መርማሪ ነው፤ እሱም ሮቦት። ይህ መርማሪ ሥራ ላይ ሳለ የጠፋን አንድ የፖሊስ ሮቦት መርዶ ለሚስቱ ይዞ ይሄዳል። ሚስቲቱ የቆየ ስሪት የቤት ሠራተኛ ናት። ፊቷ ብረት ነው፣ አይንቀሳቀስም። የባሏን የማስታወሻ ቺፕ እንዲያስገባላት ትጠይቀዋለች። ያ ፊት አንዲት መስመር ሳይለወጥበት ኀዘኑ ይታያል። እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፤ ይታያል።

ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ኖርዝ ቁጥር 2 አለ። በካባው ሥር የጦር መሣሪያ ተሸክሞ ለአንድ ዓይነ ስውር የሙዚቃ ደራሲ ያገለግላል። ፒያኖ መማር ይፈልጋል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ ወደ ጦር ሜዳ መመለስ አልፈልግም ይላል።

የየትኛው ጦር ሜዳ? እዚህ ላይ ነው ኡራሳዋ የቴዙካን ጥያቄ የቀየረው። ትራኪያ የምትባል ልዕለ ኃያል አገር የፋርስን ንጉሥ «ጅምላ ጨራሽ ሮቦቶች አሉህ» ብላ ትከሳለች። መርማሪ ቡድን ይላካል፤ የተባለው መሣሪያ አይገኝም፤ ጦርነቱ ግን ይደረጋል። ከሰባቱ ኃያላን «አልዘምትም» ያለው ኤፕሲሎን ብቻ ነው። የተቀሩት በየአገራቸው ጀግኖች ናቸው፣ ሌሊት ሌሊት ግን የገደሉት ይታያቸዋል። አቶም የሄደው በሰላም መልእክተኛ ስም ነው። ይህን ያነበበ ጃፓናዊ ራሱን ሳያይ አይቀርም፦ የ1947ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ጦርነትን ቢከለክልም፣ መንግሥቱ በ2004 መጀመሪያ «ለመልሶ ግንባታ» ብሎ ወታደሮቹን ወደ ኢራቋ ሳማዋ ልኳል።

እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። ዋይት ሀውስ በማርች 2003 ባወጣው የወረራው ደጋፊ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ጃፓን ብቻ ሳትሆን ኢትዮጵያና ኤርትራም አሉ። ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር በፊት አልጀርስ ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ጦርነት መዝጊያ የፈረሙት ሁለቱ፣ በዚህኛው ተስማሙ።

ሥራው እንከን የለውም አልልም። በስምንት ቅጾች ተጠናቆ ሳለ የመጨረሻዎቹ ይወሳሰባሉ። ከሁሉ በላይ ያልተዋጠልኝ፣ ከትራኪያው ፕሬዚዳንት ጀርባ ሆኖ ነገሩን የሚያሽከረክረው በአሻንጉሊት ድብ አፍ የሚናገር ኮምፒዩተር መሆኑ ነው። ያልነበረን መሣሪያ አለ ብለው አገር ያወረሩት ሰዎች ነበሩ። ስምና ፊርማ ነበራቸው። ጥፋቱን ለማሽን መስጠት ለእነሱ ትልቅ ውለታ ነው፤ ኡራሳዋ ያን ያህል ደፍሮ መጥቶ እዚያ ላይ ለምን እንዳዘነበለ አልገባኝም።

ማንበብ ያልተመቸው በኦክቶበር 2023 ኔትፍሊክስ ያወጣውን ባለ ስምንት ክፍል አኒሜሽን ይመልከት። የኖርዝ ቁጥር 2 ታሪክ እዚያው መጀመሪያው ክፍል ውስጥ አለ።