አስጠኚ ያልተቀጠረለት ትምህርት

ለሂሳብ አስጠኚ ይቀጠራል። ለእንግሊዝኛም ይቀጠራል። አቅሙ ያለው ወላጅ ለፊዚክስ ብቻ በሳምንት ሦስት ቀን ቤት ድረስ የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይቀጥርና ከክፍያው ሌላ ሻይ በዳቦ ያቀርብለታል። «ልጄን ዘፈን የሚያስጠናልኝ ሰው ፈልጉልኝ» ያለ አባት ግን በወላጆቻችን ዘመን ነበረ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ቢኖርማ ኖሮ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «ምን ነካው?» እያለ ሽማግሌ ይልክበት ነበር።

የዘፋኞቻችንን የሕይወት ታሪክ ስናነብ አንድ የማይቀር ዐረፍተ ነገር አለ፤ «ማንም ሳያስተምረው፣ በራሱ ጥረት» የሚል። ምስጋና ተብሎ ነው የሚጻፈው። እኔን ግን ባነበብኩት ቁጥር ሁለት ነገር ይከነክነኛል። ማንም ያላስተማረው ለምንድን ነው? ደግሞስ እውነት ማንም አላስተማረውም?

የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው፤ ያሳፍራል እንጂ። ድህነት ብቻ አልነበረም፤ ንቀትም ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «መዝሙር»ም «ዘማሪ»ም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። አንዱ ወንድም ቤተ መቅደስ ገብቶ ተከበረ፤ ሌላው ጠጅ ቤት ቀርቶ ስድብ ሆነ። የልጁን ድምፅ ማማር ያወቀ ወላጅ ከደስታው ይልቅ ስጋቱ ይቀድመው ነበር። ጥላሁን ገሠሠ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ አያቱ ዘንድ ነው ያደገው። አያቱ የልጁን የሙዚቃ ፍቅር ባዩ ጊዜ «ትምህርትህ ላይ በርታ» ይሉት እንደነበር ይነገራል። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ የዘመናቸው አያት ስለሆኑ ነው።

ስለዚህ ልጁ የሚዘፍነው ወላጅ በሌለበት ነው። ከብት ሲጠብቅ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ወንዝ ወርዶ ልብስ ሲያጥብ። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ወፍጮ ስትፈጭ፤ የመጁ ድምፅ ድምፅዋን ይሸፍንላታል። እንግዲህ «ቤት ውስጥ ዘፈን መማር» የምንለው ነገር ለብዙው ሰው ከቤት ሰው ተደብቆ መማር ነበር።

ዘፈን በይፋ ቤት ውስጥ ይማሩበት የነበረው ቤት ያው የተናቀው ቤት ነው፤ የአዝማሪው። ጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ባሉ የአዝማሪ መንደሮች ልጅ ማሲንቆውን የሚለምደው ከአባቱ፣ ከአጎቱ፣ ከታላቅ ወንድሙ ነው። ፊደል የለ፣ ኖታ የለ። አባቱን ተከትሎ ሰርግ ቤት ይሄዳል፤ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውር አባቱ እንዴት አድርጎ ከዜማው ጋር እንደሚያጋባው ያያል። ሲያበላሽ የሚቆጣው አባቱ ብቻ አይደለም፤ ታዳሚውም ነው። ሽልማቱ ግንባር ላይ ይለጠፋል፤ ወይም አይለጠፍም።

የቤተ ክህነቱን ዜማ ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በያሬዳዊው ዜማ፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ፣ ምልክት አለ። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት ነው ይባላል። ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ርክርክ እየተባለ ከፊደሉ በላይ በጥቃቅኑ ይሰፍራል። ታዲያ ብራናውን ይዞ ጎጆው ውስጥ ተዘግቶ ድጓ የተማረ ሰው አለ? የለም። ምልክቱ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ በጆሮው ለሰማ ሰው ነው። ተማሪው ቤተልሔም ድረስ ወርዶ፣ ኮቾሮውን እየበላ፣ መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ይላል። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሲስት ያስቆሙታል። ትምህርቱ እንዲያው ሲታይ ያቺ ማስቆም ናት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ ልመለስ። «ማንም ያላስተማራቸው» የተባሉት ዘፋኞቻችን ያቺን የሚያስቆም ሰው አግኝተዋል ወይስ አላገኙም? አግኝተዋል እላለሁ፤ ስሙ አስተማሪ አልነበረም እንጂ።

ጥላሁን ከወሊሶ ወጥቶ የገባው በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ነው፤ ከዚያም ክብር ዘበኛ። ማህሙድ አሕመድ ሊስትሮ ሆኖ ሠርቷል፤ ኋላ አሪዞና ክለብ በጉልበት ሥራ ተቀጠረ። የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚያመሹበት ቤት ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ምሽት ዘፋኝ ሲቀር «እኔ ልሞክር» አለ፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። እስቲ ግን ከዚያች ምሽት በፊት የነበሩትን ምሽቶች አስቧቸው። ዕቃ እያነሳ፣ ጠረጴዛ እየወለወለ ጆሮው መድረኩ ላይ ነበር። ነጻ ትምህርት ይሏችኋል ይኼ ነው። ክብር ዘበኛ ከገባ በኋላ ደግሞ ከኋላው ኦርኬስትራ አለ። በቦታው ያልገባን ዘፋኝ ኦርኬስትራ አይምረውም።

ከዚያ ኦርኬስትራ ጀርባም አስተማሪዎች ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ኋላም የወንድሙ ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን፣ በኖታ የሚጫወት ሙዚቀኛ አፍርተዋል። ዘፋኙ ኖታ ባያነብ ከጎኑ የሚያነብ ሰው ቆሟል። ማታ ማታ የሚያርመው እሱ ነው።

ሰው ያላገኘው ደግሞ ከማሽን ተማረ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በምኒልክ ዘመን መካኒክነት ሊማሩ ጀርመን ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ተመለሱ። ያን ሸክላ ግን ስንት ቤት አዳመጠው? ጥቂት። ከጦርነቱ በኋላም ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ደፍሮ የራሱን ማሳተም እስኪጀምር ድረስ የአገሬው ዘፈን እንደ ልብ በሸክላ አይገኝም ነበር። ያኔ የከተማው ልጅ ማንን ይስማ? በ2013 ዓ.ም. ያረፈው ዓለማየሁ እሸቴ በልጅነቱ ኤልቪስ ፕሪስሊን ነበር የሚያስመስለው፤ ከነጸጉሩ።

እውነተኛው የቤት ውስጥ አስጠኚ የመጣው በካሴት ነው። የኔ ትውልድ ይመስክር። ሰዓት እላፊ ነው፤ ከቤት አይወጣም። ያለው አንድ ቴፕ፣ ሦስት ካሴት፣ አንድ የዘፈን ደብተር። አንድ ስንኝ ታዳምጣለህ፣ ታቆማለህ፣ ትጽፋለህ፣ ትመልሳለህ። ባትሪ እንዳያልቅ ካሴቱን በእስክሪብቶ ነው የምታጠነጥነው። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም ይደክማል፤ ካሴቱ ቀስ ሲል ድምፁ ይወፍራል። ባትሪውን ፀሐይ ላይ አስጥተህ ስትመልሰው ደግሞ ያው ዘፋኝ ቀጠን ብሎ ይመጣል። በደከመ ባትሪ ዘፈን ያጠና ልጅ ሰርግ ቤት ከባንድ ጋር ሲገናኝ የሚገጥመውን አስቡት! ያም ሆኖ ካሴት ደግ አስጠኚ ነበር። መቶ ጊዜ ቢያስደግሙት አይሰለችም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ይናገራል እንጂ አያዳምጥም።

የማያዳምጥ አስጠኚ የሚያፈራው አስመሳይ ነው። በካሴት የተማረው ልጅ ዜማውን ብቻ አልወሰደም፤ የዘፋኙን ትንፋሽ፣ የዘፋኙን ሲቃ፣ አንዳንዴ ጉሮሮ መጥረጉን ጭምር ወሰደ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቴሌቪዥን የአይድል ውድድር ሲጀመር ይህን አገር ሁሉ አየው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጆች ድምፅ አላቸው፤ ቅላጼ አላቸው። ዓይንህን ብትጨፍን ግን የቆመው ልጅ ሳይሆን የካሴቱ ባለቤት ነው። ያን ጊዜ ዳኞቹ ሲናገሯቸው ብዙ ሰው አዘነላቸው። እኔ ያሳዘነኝ ሌላ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲዘፍን ቆይቶ «ይህ የአንተ ድምፅ አይደለም» የሚል ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኘው በሚሊዮን ተመልካች ፊት መሆኑ።

በዚህ በኩል ደርግን የማመሰግንበት አንድ ነገር ቢኖር የቀበሌ ኪነት ነው። (አትቆጡኝ።) መዝሙሩ የታዘዘ ነበር፤ ግጥሙም ለጆሮ የሚከብድ ነበር። ነገር ግን የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሃያ ልጅ አብሮ ይዘምራል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው በክርኑ ይነካዋል። ወላጅም «አዝማሪ ሆንክ» ብሎ መቆጣት አይችልም፤ የአብዮት ሥራ ነዋ! ከዚያ አዳራሽ የወጡ ድምፆችን በኋላ በካሴት ገዝተን ሰምተናል።

ስለ ጉሮሮም አንድ ነገር ልበል፤ ቤት ውስጥ የሚለማመድ ልጅ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ስለ ጉሮሮ ነውና። ጥሬ እንቁላል ዋጥ፣ ማር ላስ፣ ዝንጅብል አኝክ ይባላል። የዋጥነው ነገር ግን የድምፅ አውታራችንን አይነካም። ስንውጥ የአየር ቧንቧው ይከደናል፤ ማሩ በሌላ መንገድ ያልፋል። አውታሩ ጋ በቀጥታ የሚደርሰው የምንተነፍሰው እንፋሎት ነው። ውሃ መጠጣት የሚጠቅመውም መላው ሰውነት ሲረጥብ እሱም ስለሚረጥብ ነው። እየጮሁ መለማመድ ድምፅ አያወጣም፤ ያቆስላል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ መጎርነንን ሐኪም ይየው።

አዝማሪውና ፎካሪው እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ የሚያደርጉት ግን ለጌጥ አይደለም። የገዛ ድምፃችንን የምንሰማው ግማሹን በአጥንታችን ውስጥ አልፎ ነው፤ ለዚህ ነው ተቀርጾ ስንሰማው «ይሄ እኔ አይደለሁም» የምንለው። መዳፍ ከአፍ የወጣውን ወደ ጆሮ ይመልሳል። ድሮ የድሃ ልጅ መቅረጫው መዳፉ ነበረች።

ዛሬ መቅረጫው ኪስ ውስጥ ነው። ስልኩ ይቀርጻል፤ የሚያስተምር ቪዲዮም ያሳያል፤ ዜማውን የሚለካ ፕሮግራምም አለው። መለኪያው ግን ለፒያኖ የተቃኘ ነውና ትዝታን ወይም አንቺ ሆዬን በጥንቱ ቅላጼ ያዜመችን ልጅ «ስተሻል» ብሎ ቀይ ሊያበራባት ይችላል። ማን ልክ እንደሆነ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል፤ ሰርግ ላይ የዘፈነች አክስት ትሁን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ዜማ መሪ፣ ወይም ክራር የሚመታ ጎረቤት። እነዚህ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ፤ በሰዓት አያስከፍሉም። ልጅቷ ግን ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ክፍሏን ቆልፋ፣ በለሆሳስ ነው የምትለማመደው። አባቷ ሳሎን ቁጭ ብሎ ሂሳብ የምታጠና ይመስለዋል።