ኮብልስቶኑ የማን ነው?

ኮብልስቶን ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ቀልዱ ነው። «ተምረህ ተምረህ ድንጋይ ልትጠርብ?» የምትለዋ። ከእናንተ ከቀድሞ ተማሪዎቼ መሀል ይቺን ቀልድ በጆሯችሁ የሰማችሁ፣ መዶሻ ይዛችሁ ፀሐይ ላይ የዋላችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ ድንጋዩ ነው። ታሪክ ያለው ድንጋይ ነው፤ አሁን ደግሞ ዓይናችን እያየ እየተበላሸብን ነው።

የእኛ አገር ኮብልስቶን ዕድሜው አጭር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ያኔ ጂቲዜድ ይባል በነበረው የጀርመን የልማት ድርጅት ድጋፍ ድሬዳዋ ላይ ተጀመረ። ከዚያ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፣ አዲስ አበባም ደረሰ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ለአስፋልት ሬንጅ ከውጭ መምጣት አለበት፣ ከባድ ማሽን ያስፈልጋል፣ ሁለቱም ዶላር ይበላሉ። ጥቁር ድንጋይ ግን አለን፤ ሥራ የሚፈልግ ወጣትም ሞልቷል። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ልጆች ድንጋዩን በእጃቸው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርገው ይጠርባሉ፣ ሌሎቹ ያነጥፋሉ። በብዙ ሰፈር ነዋሪውም ከኪሱ አዋጥቷል። በ2003 እና 2004 ዓ.ም. ገደማ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ሥራውን ሲቀላቀሉ ነው እንግዲህ ቀልዱ የገነነው። እኔን አስቆኝ አያውቅም። ያንን ድንጋይ በቅስት በቅስት አድርጎ፣ ውሃው ወደ ቦይ እንዲወርድ ልኩን ጠብቆ ማንጠፍ እውቀት ነው። የማያምን አንድ ካሬ ሜትር ይሞክር።

ችግሩ ማንጠፉን ተማርን፣ መንከባከቡን ግን ማንም አላስተማረንም። እኔ ባለሁበት ሰፈር ለውሃ መስመር ተብሎ መንገዱ ተቆፈረ፣ ቱቦው ተቀበረ፣ ድንጋዩ ዳር ላይ ተከምሮ ቀረ። ክረምቱ ሲገባ ጉድጓዱ በየሳምንቱ ሰፋ። ከጎረቤቶቼ ገሚሱ «የመንግሥት ሥራ ነው» ይላል፣ ገሚሱ «በራችን ላይ ያለውን እኛው እንመልሰው» ይላል።

ይሄ ክርክር እኮ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው! ሮማውያን አፒያ የተባለውን መንገዳቸውን የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት ነው። መንገዱን ሁሉም ያደንቃል፣ እኔ የምወደው ግን ሕጋቸውን ነው። ደቡብ ኢጣሊያ ውስጥ ሄራክሊያ በምትባል ጥንታዊ ከተማ አካባቢ የተገኘ የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ ጽሑፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ሕግ ነው። በሮም ከተማ ቤቱ መንገድ ዳር የሆነ ሰው በቤቱ ፊት ያለውን መንገድ የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። ኤዲል የሚባሉ ሹማምንት ይቆጣጠራሉ። ውሃ አቁሮ መንገደኛ እንዳያስቸግር ማየትም የእነሱ ሥራ ነው። ባለቤቱ እምቢ ካለ ሹሙ ሥራውን ለኮንትራክተር ይሰጣል፣ ወጪውን ባለቤቱ ይከፍላል። በቃ፣ ጭቅጭቅ የለም።

ለንደኖችም ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ በበሩ ፊት ያለውን እንዲያነጥፍ ነበር የተዉት። ግን ሹሙ ሲላላ ምን ሆነ? አንዱ ጥሩ ድንጋይ ያደርጋል፣ ጎረቤቱ የተገኘውን፤ የአንዱ ከፍ፣ የሌላው ዝቅ ይላል፤ መሀል ላይ ውሃና ቆሻሻ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1762 ለዌስትሚኒስተር በወጣው የመንገድ ንጣፍ አዋጅ ኃላፊነቱ ከቤት ባለቤቶች ተነስቶ ለኮሚሽነሮች ተሰጠ፣ ነዋሪው ግብር እንዲከፍል ተደረገ። እንግዲህ ሁለቱም መንገድ ይሠራል፤ የማይሠራው የእኛው ነው፣ ነዋሪው ወረዳውን፣ ወረዳው ነዋሪውን የሚጠብቅበት። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ቁፋሮውና ቦዩ የመንግሥት፣ መጥረጉና አሸዋው የባለበሩ ቢሆን እመርጣለሁ።

አሸዋ ስል ነገሩ እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ኮብልስቶንን አንድ ላይ የሚያቆመው በድንጋዮቹ መሀል የተሞላው አሸዋ ነው። መኪና ሲያልፍ ክብደቱ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ጎረቤቱ የሚተላለፈው በእሱ ነው። አሸዋው ከወጣ ድንጋዩ ይነቃነቃል፣ አንዱ ሲወልቅ አጠገቡ ያሉት ይከተላሉ። ስለዚህ መኪና ማጠቢያ ላይ እንደሚያደርጉት በኃይለኛ ውሃ ንጣፍ መገረፍ፣ የግቢም ይሁን የመንገድ፣ ሲያዩት ያማረ ጥፋት ነው። ጭቃውን በመጥረጊያ መጥረግ፣ ሣሩን ሥር ሳይሰድ መንቀል፣ ከክረምት በፊትና በኋላ ደረቅ አሸዋ በትኖ ወደ ክፍተቱ በመጥረጊያ ማስገባት ይበቃል። የፈሰሰ የሞተር ዘይት ካለ አፈር ወይም ሰጋቱራ አልብሶ፣ ሲመጥ ጠርጎ፣ በሳሙና ማሸት ነው። ዳር ዳሩን የያዘው የጠርዝ ድንጋይ ከተናደ ግን አሸዋ ብቻውን አያድነውም፣ መጀመሪያ ጠርዙ ይመለስ።

የወለቀውንም መመለስ ከባድ አይደለም። ከሥር ያለውን አሸዋ አስተካክሎ፣ ድንጋዩን አቀራርቦ መልሶ፣ በደንብ መጠቅጠቅ ነው። አስፋልት ሲቆረጥ አዲስ ሬንጅ ይፈልጋል፤ ኮብልስቶን ግን ያው የተነቀለው ድንጋይ ይመለሳል፣ ሰው ለአጥር መሠረት ካልወሰደው በስተቀር (ይወስዳሉ!)።

አንጣፊ የነበራችሁ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ንገሩኝ። ተቆፍሮ የተመለሰ ቦታ ከወራት በኋላ እንዳይሰምጥ አፈሩን ስንት ጊዜ እየከፈላችሁ ትጠቀጥቁ ነበር? የእኛ ሰፈር ሰዎች ቅዳሜ ሊጀምሩ ነው፣ ከእኔ ይልቅ እናንተን ይሰማሉ።