ሐዲዱ ቀረ፣ ስሙ ሄደ

ከሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው የከተማ ባቡር ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ አስፋልት ዳር በሚሰማበት ሴዳር ሪቨርሳይድ ያልፋል። መስመሩ በ2004 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሲከፈት ሃያዋታ ይባል ነበር። ስያሜው የጎዳና ስም ነው፤ ከቺካጎ ወደ መንትዮቹ ከተሞች፣ ማለት ወደ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ ይከንፍ የነበረው የሚልዋኪ ሮድ ኩባንያ ባቡር ስምም ነው። በ2013 ያም ተነሥቶ መስመሩ በቀለም ተጠራ፤ «ሰማያዊ» ተባለ። መተላለፊያው ግን ከፊሉ ያው የድሮው ነው። በዚህ አካባቢ ከምድር ባቡር ታሪክ ቀድሞ የሚጠፋው ሐዲዱ ሳይሆን ስሙ ነው። ከዚህ ተነሥቼ የምከራከረው፣ የጠፉ ኩባንያዎችን ባቡር ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ብዙ ሰው የሥራ ፈት ጨዋታ የሚያደርገው ነገር፣ ሌላ ማንም ያልሠራውን የታሪክ ሥራ ሠርቷል ብዬ ነው።

ሴዳር ሪቨርሳይድ እንደ ገጠር የባቡር መጋጠሚያ ከተሞች ትንሽ አይደለም፤ ትልቅ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። ሆኖም ሐዲድ ከየአቅጣጫው ሲያጥረው ኖሯል። በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የምድር ባቡር ኩባንያው ኖርዘርን ፓሲፊክ ከ1922 እስከ 1924 የሠራው ቁጥር 9 ድልድይ ዛሬ እግረኛና ብስክሌተኛ ይሻገሩበታል። ከሰፈሩ በስተደቡብ፣ በሲዋርድ ሰፈር ያለው ሚልዋኪ አቬኑ በ1880ዎቹ ለሠራተኛ ቤተሰቦች በተሠሩ ትንንሽ የጡብ ቤቶች የተሞላ ነው፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ በምድር ባቡሩ ጋራዥ የሚሠሩ ነበሩ። በ1899 የተከፈተው የሚልዋኪ ሮድ ጣቢያ ከ1971 ወዲህ መንገደኛ ባቡር አላየም፤ አሁን ሆቴል ነው። ድልድዩ፣ ቤቱ፣ ጣቢያው ሁሉም አለ። ባለቤቶቹ ናቸው የሌሉት። ኖርዘርን ፓሲፊክና ግሬት ኖርዘርን በ1970 በርሊንግተን ኖርዘርን ውስጥ ቀለጡ። ሮክ አይላንድ በ1980 ሥራ አቆመ። ሚልዋኪ ሮድ በ1977 ከስሮ በ1985 ሱ ላይን ለተባለው ኩባንያ ተሸጠ። ሚኒያፖሊስ ኤንድ ሴንት ሉዊስን በ1960 የዋጠው ቺካጎ ኤንድ ኖርዝ ዌስተርን ራሱ በ1995 በዩኒየን ፓሲፊክ ተዋጠ። ኩባንያ ሲዋጥ መጀመሪያ የሚደረገው ቀለም መቀባት ነው፤ በሎኮሞቲቩ ጎን ያለው ስም ይሸፈንና አዲሱ ይጻፍበታል። ለሁሉም የሚሆን ቀለም ቀቢና ጊዜ በአንዴ ስለማይገኝ ግን ሟቹ ኩባንያ ስሙን ጎኑ ላይ እንደ ለበሰ ለጥቂት ዓመታት ይዞራል። የባቡር ወዳጆች ካሜራ ይዘው ያሳደዱት ይህንኑ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ፎቶግራፍ ድርቅ ያለ ነው። ሎኮሞቲቩ ከፊትና ከጎን በአንድነት እንዲታይ ሰያፍ ይነሣል፤ በጀርባው ላይ ቁጥሩ፣ ቦታው፣ ቀኑ ይጻፋል። አለቀ። ይህ ድርቀት ነው እንግዲህ ማስረጃ የሚያደርገው። የሥነ ጥበብ ሰው ጭሱንና ጭጋጉን ሲያሳድድ፣ ባቡር ወዳጁ የቁጥሩ ሰሌዳ እንዳይደበዝዝ ይጨነቃል። ሃያዋታ የተባለውን የሚልዋኪ ሮድ ባቡር እንመልከት፤ በ1935 አገልግሎት ሲጀምር ይጎትቱት የነበሩት፣ ለፍጥነት ተብሎ አካላቸው የተሸፈነ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችም ሆኑ በኋላ የተጨመሩት ታላላቆቹ ተቆራርጠው ብረታቸው ተሸጧል፤ አንድም ለቤተ መዘክር አልቀረም። ስለ መልካቸው ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ከፎቶግራፍ ነው። ለፎቶ ካሜራ የሚሆነው ባለ ቀለም ኮዳክሮም ፊልም በ1936 ገበያ ስለወጣ ቀይ ብርቱካናማ ቀለማቸውን ሳይቀር ያቆየልን ሰው አለ። የኩባንያ መዝገብ የመነሻ ሰዓትና የትርፍ ሒሳብ ይነግረናል፤ የትኛው ሎኮሞቲቭ በየትኛው ቀን የማንን ስም ለብሶ እንደ ነበር ግን ብዙ ጊዜ አይነግረንም።

ሰው የት አለ? ይህ ከባዱ ተቃውሞ ነው፤ ተገቢም ነው። በሺህ የሚቆጠሩ የሎኮሞቲቭ ሥዕሎች ውስጥ ከሰል የጫነው፣ ሐዲድ ያነጠፈው፣ በሚልዋኪ አቬኑ ጠባብ ቤት ልጅ ያሳደገው ሠራተኛ ጎልቶ አይታይም። ጥፋቱ ግን የዘውጉ አይመስለኝም። ፎቶግራፍ አንሺው ጃክ ዴላኖ በ1943 ለመንግሥት ሲሠራ አዮዋ ውስጥ ክሊንተን በምትባል የባቡር ከተማ የቺካጎ ኤንድ ኖርዝ ዌስተርን ሎኮሞቲቭ የሚያጸዱ ሴቶችን በቀለም አንሥቷል፤ ወንዶቹ ጦርነት ስለሄዱ የገቡ ናቸው። ሌላው ፎቶግራፍ አንሺ ዊንስተን ሊንክም ከ1955 ጀምሮ የመጨረሻዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች በሌሊት ሲያነሣ የመንደሩን ሰው ከነኑሮው ከባቡሩ ጋር ያስገባ ነበር። የዴላኖ ሴቶች የየትኛው ኩባንያ ሠራተኞች እንደ ነበሩ የምናውቀው ደግሞ ያው ድርቅ ያለ መግለጫ ስለተጻፈላቸው ነው።

ሌላው ክስ ናፍቆት ነው፤ ወዳጁ የሚወደውን አሳምሮ ያነሣል፣ ማን እንደ ገደለው አይጠይቅም ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆነውን ፎቶግራፍ የሠራው ወዳጅ ሳይሆን ጠላት ነው ብል አላጋነንኩም። ሴዳር አቬኑን ጨምሮ በመንትዮቹ ከተሞች ጎዳናዎች ይመላለስ የነበረው የኤሌክትሪክ ትራም በሰኔ 1954 ተዘግቶ በአውቶቡስ ተተካ። ከትራሞቹ አዲሶቹ ለሜክሲኮ ሲቲ፣ ለክሊቭላንድና ለኒውአርክ ተሸጡ፤ በኒውአርክ እስከ 2001 ሠርተዋል፤ እንግዲህ አርጅተዋል የተባሉት እነዚህ ናቸው። የእንጨት አካል ያላቸው አሮጌዎቹ ግን ብረታቸው እንዲለይ ተቃጠሉ። በዚያን ጊዜ በተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ላይ የትራም ኩባንያው ፕሬዚዳንት ፍሬድ ኦሳናና ጄምስ ታውሊ የተባለ ሰው ቼክ ሲቀባበሉ፣ ከኋላቸው ትራም ሲነድ ይታያል። እንደ ድል ማስታወሻ የተነሣ ይመስላል። ኦሳና በ1960 በማጭበርበር ወንጀል ከተፈረደበት ወዲህ ግን ያው ምስል የክስ ማስረጃ ያህል ይታያል። ፎቶግራፍ የአንሺውን ሐሳብ ተከትሎ አይኖርም። ከቃጠሎው ያመለጠውን 1300 ቁጥር ትራም በ1954 የተረከበው ደግሞ የሚኒሶታ የባቡር ወዳጆች ማኅበር ነው፤ ዛሬም በሃሪየት ሐይቅ ዳር ሰው ያሳፍራል።

በአገር ቤት በኩል የሚነሣብኝ ሙግት አለ፤ እዚያ ስም መች ጠፋ ሊባል ይችላል። እውነት ነው። ለገሃር ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ጣቢያ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ፣ በ784 ኪሎ ሜትሩ መስመር እስከ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው ባቡር ከቆመ በኋላም ታክሲ ረዳት ስሙን ይጠራል። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱን መንገድ ይዞ ጣቢያውን ከከተማው ዳር አደረገ፤ ስለዚህ በእኛ ዘንድ ስሙ በአፍ፣ አሮጌው ሐዲድ ከፊሉ በመሬት ቀርቶ ባቡሩ ብቻ ሄደ። ሴዳር ሪቨርሳይድ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሆኖም በአፍ የሚኖር ስም ሎኮሞቲቭን ከሎኮሞቲቭ አይለይም። በድሬዳዋ ጋራዥ የቆሙት አሮጌ ባቡሮች እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው፤ ብረቱ ዝጎ ቁጥሩ ሳይነበብ ከመቅረቱ በፊት ካሜራ ይዞ ሰያፍ የሚቆም፣ በጀርባው ላይም ቀኑን የሚጽፍ ሰው ይበቃቸዋል።