የጣርማ በር ውሃና የሜዲትራኒያን ሰርዲን

ጣርማ በር ላይ የሚወርደው ዝናብ ዕጣው ሁለት ነው። በምሥራቅ፣ በእኛ በደብረ ሲና በኩል የወረደው በሮቢና በመሰሎቹ ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ያመራል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ወደ መንዝ ያዘነበለው ግን ከጀማ ጋር ወርዶ ዓባይ ይገባል። ኬሚስትሪ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ልቤን የያዘው ይህ ሁለተኛው ውሃ ነው፤ ባሕር ዘንድ ደርሶ የሠራውን ሥራ እዚህ አገሩ የሚተርክለት አላገኘምና።

ነሐሴ ላይ የሚሞላው ዓባይ የደጋውን አፈር ተሸክሞ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሜዲትራኒያን ይደርስ ነበር። ያ የባሕር ዳርቻ በምግብ የደኸየ ነው። ጎርፉ ያመጣው ፎስፌትና ሲሊካ ሲደርሰው ደቃቅ አልጌዎች ከወንዙ አፍ ጀምሮ ይፈሉ ነበር። እነሱን ተከትሎ ሰርዲን ይመጣል፤ ሰርዲኑን ተከትሎ የግብፅ አጥማጅ። የእስክንድርያው ሳይንቲስት ዩሱፍ ሃሊም ይህን የአልጌ ፍል እ.ኤ.አ. በ1960 ጽፎታል።

አልጌን ባሕር ላይ መከታተያ የሆነው ፍካት፣ ማለትም ፍሎረሰንስ፣ የታወቀው ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1833 በአልኮል ከሟሟ ቅጠል የተገኘውን አረንጓዴ ፈሳሽ በብርቱ ብርሃን ሲመታው ቀይ ሲፈካ አየ። ይህን ለተማሪዎቼ በጎመን አሳይቻለሁ፦ የተወቀጠ ጎመን፣ የፋርማሲ አልኮል፣ የብር ኖት መፈተሻው ሐምራዊ መብራት። ክፍሉ ሲጨልም ብርጭቆው ውስጥ ፍም የገባ ይመስላል። ጀርመናዊው ኩርት ካሌ ደግሞ በ1940ዎቹ መጨረሻ የባሕር ውሃ በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲመታ ሰማያዊ እንደሚፈካ አሳየ። ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣው ቢጫ ቀለም ከወንዝ ጋር ባሕር ስለሚገባ፣ ጨው በበዛ ቁጥር ፍካቱ ይቀንሳል፤ በዚህም የወንዙ ውሃ የት ድረስ እንደዘለቀ ይለያል።

መርከብ እየተጓዘ፣ ውሃ እየሳበ የአልጌን ቀይ ፍካት ያለማቋረጥ የሚለካበትን ዘዴ ካርል ሎሬንዘን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የአስዋን ግድብ ጎርፉን መያዝ የጀመረው በ1964። ሁለት ዓመት ብቻ! ለሺህ ዓመታት የፈላ አልጌ፣ መለኪያው ሲደርስ ጎርፉ የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በ1962 ወደ 18,000 ቶን ይጠመድ የነበረው ሰርዲን፣ አሥርተ ዓመቱ ሳያልቅ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓሣው ተመለሰ። ስኮት ኒክሰን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ምክንያቱ የግብፅ እርሻ ማዳበሪያና የከተሞቿ ፍሳሽ እንደሆነ አስረድቷል። አኳ የምትባለው የናሳ ሳተላይትም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያንኑ ቀይ ፍካት ከሰማይ ታነባለች፤ የምታነበው ግን የእኛን አፈር የበላ አልጌ አይደለም። የመንዝ አፈር ለአሥርተ ዓመታት ከአስዋን ግድብ ኋላ፣ ናስር ሐይቅ ሥር ሲተኛ ቆይቶ፣ ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ አብዛኛው ጉባ ላይ፣ ከሕዳሴው ግድብ ኋላ፣ ንጋት ሐይቅ ውስጥ ይቀራል።