ስም የሚያስለውጥ ሕመም፤ ኀፍረት በሥጋ ደዌ ታሪክ ውስጥ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው ሲተርት። አባባሉ በብዙ ሕመም ላይ እውነት ሆኖ ታይቷል። ነገር ግን ተረቱ አንድ ጥያቄ ሳያነሣ ያልፋል፤ ይኸውም ሰው በሽታውን የሚሸሽገው ስለ ምን ነው የሚለው ነው። ወቀሳው በሙሉ በታማሚው ላይ ሲወድቅ፣ ቢናገር ኖሮ ምን ይደርስበት እንደ ነበር የሚጠይቅ አይገኝም። የሥጋ ደዌን ታሪክ በጥሞና የተመለከተ ሰው ግን፣ ሕመሙን የሸሸገው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡን ያልሳተ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህ ጽሑፍ ሰዎች ሥር የሰደደ ኀፍረትን እንዴት ተሸክመው እንደ ኖሩ በዚህ በአንድ በሽታ ታሪክ በኩል ለማሳየት ይሞክራል። ጉዳዩ ለእኛ ለሙያው ሰዎች ያለፈ ወሬ ብቻ አይደለም። ዛሬ መድኃኒቱ ያለ ዋጋ እየታደለ፣ ጣቶቹ ከታጠፉ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሕመምተኛ አለ፤ ለመዘግየቱም አንዱ ትልቅ ምክንያት ኀፍረት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የኀፍረቱ ምንጭ

የበደለ ሰው የሚሰማው ጸጸት መውጫ አለው፤ ይክሳል፣ ይታረቃል፣ ንስሐ ይገባል። ሳይበድል ያፈረ ሰው ግን የሚክሰው ነገር የለውም። ሥጋ ደዌ ይህን ዓይነቱን ኀፍረት አብዝቶ ያበቀለው በከፊል ከራሱ ከበሽታው ጠባይ የተነሣ ነው። ተሕዋሲው የሚያጠቃው ቆዳንና ከቆዳ አጠገብ ያሉትን ነርቮች ነው። በመጀመሪያ በቆዳ ላይ የሚታየው ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት አያምም፣ አያሳክክም፤ ሲነካም አይሰማም። ስሜቱን ያጣ እጅ ከምድጃ ላይ የጋለ ድስት ሲያነሣ መቃጠሉን አያውቅም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጣት ያጥራል፣ የዓይን ቆብ መከደን ይሳነዋል። በዚህ ዓይነት በሽታው ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝባቸውን ሁለቱን የአካል ክፍሎች፣ ፊትንና እጅን፣ ያበላሻል። ሌላውን ገላ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ፊትና እጅ ግን ሰላምታ በተለዋወጡ ቁጥር ይታያሉ።

በዚህም ላይ የሃይማኖት ታሪክ ተጨመረበት። በኦሪት ዘሌዋውያን ለምጽ ያለበት ሰው ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ ታዟል። በመጽሐፈ ነገሥትም የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ከንዕማን በማታለል ገንዘብ ስለ ተቀበለ፣ የንዕማን ለምጽ በእርሱና በዘሩ ላይ እንደ ተጣበቀ ይነበባል። በመጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ የተባለው ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመሞችን የሚያጠቃልል ስም መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። ሕዝቡ ግን ከታሪኩ ሁለት ነገር ይዞ ቀረ፤ አንደኛው በሽታው የኃጢአት ቅጣት ነው የሚለው፣ ሁለተኛው በዘር ይወርዳል የሚለው ነው። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ በወዲያኛው ቤት ዘር ይህ ሕመም እንዳለ በስውር ማጠያየቅ የተለመደ ነበር። ስለዚህ የአንድ ሰው ሕመም ቢታወቅ የእኅቱም፣ የእኅቱ ልጅም የጋብቻ በር ይዘጋል። ምስጢሩ የቤተ ዘመዱ ሁሉ ምስጢር ሆነ ማለት ነው።

ሳይንስ ይህን ኀፍረት ያቃልለዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በ1847 የኖርዌይ ሐኪሞች ዳንየልሰንና ቦክ ስለ በሽታው በጻፉት ታላቅ መጽሐፍ በዘር የሚወረስ ነው ብለው ነበር። በ1873 የበርገኑ ሐኪም አርማወር ሀንሰን የበሽታውን ተሕዋሲ አገኘ። የዘር እርግማን መሆኑ ቀርቶ የባክቴሪያ ሥራ መሆኑ ታወቀ። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። በ1897 በርሊን ላይ የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ ሕሙማኑን ከሕዝብ መለየትን ደገፈ። የዘሩ ፍርሃት ሳይለቅ የመተላለፉ ፍርሃት ተደረበበት። ሀንሰን ራሱ በአንዲት ሕመምተኛ ዓይን ላይ ሳያስፈቅዳት ሙከራ በማድረጉ በ1880 ፍርድ ቤት ቀርቦ ከሆስፒታል ሹመቱ ተሽሯል። ተሕዋሲውን በማይክሮስኮፕ አጥርቶ ያየው ሐኪም፣ ፊቱ የተቀመጠችውን ሴት ፈቃድ መጠየቅ አልታየውም ነበር።

ስምን መለወጥ

ብዙዎች የመረጡት የመጀመሪያው መንገድ መሰወር ነው። ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ በሉዊዚያና፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የነበረው የካርቪል ሆስፒታል ነው። በ1894 የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሕሙማን በጀልባ ተወስደው በተተወ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ሰፈሩ። በ1921 ቦታው በፌዴራሉ መንግሥት ሥር ሆነ። አዲስ የገባ ሰው ቤተሰቡ እንዳይታወቅበት ሌላ ስም እንዲያወጣ ይመከር ነበር። የሚጽፈው ደብዳቤ ከተሕዋሲ እንዲጸዳ ሳይደረግ ከግቢው አይወጣም። እስከ 1946 ድረስም የመምረጥ መብት አልነበረውም። በግቢው መካነ መቃብር ካረፉት መካከል እናት አባታቸው ባላወጡላቸው ስም የተቀበሩ አሉ።

በ1931 አንድ የቴክሳስ ፋርማሲስት ወደዚህ ሆስፒታል ገባ። የትውልድ ስሙ ሲድኒ ሌቪሰን ነበር፤ ከገባ በኋላ ስታንሊ ስታይን ተባለ። በዚያው ዓመት ለሕሙማኑ ትንሽ ጋዜጣ ጀመረ። ጋዜጣው ለጥቂት ዓመታት ተቋርጦ በ1941 «ዘ ስታር» በሚል ስም ዳግመኛ መታተም ያዘ። አዘጋጁ ዓይኑ ከጠፋ በኋላም ሌላ ሰው እያስነበበና እያስጻፈ ሥራውን ቀጠለ። ካነገባቸው ዓላማዎች ዋነኛው፣ ስድብ ሆኖ የቀረው የጥንቱ ስም ተትቶ «የሀንሰን በሽታ» እንዲባል ነበር። የራሱን ስም የለወጠው ሰው የበሽታውን ስም ለማስለወጥ ታገለ። ሆኖም በ1967 እስኪሞት ድረስ ዓለም የሚያውቀው በሆስፒታል ባወጣው ስም ነበር።

በዚያው በ1941 በካርቪል ዶክተር ጋይ ፋዤ ፕሮሚን የተባለውን መድኃኒት መስጠት ጀመሩ፤ በሽታው የሚታከምበት ዘመንም ተከፈተ። ነገር ግን ሆስፒታሉ በ1999 ሲዘጋ እንኳ እዚያው መቅረትን የመረጡ አረጋውያን ነበሩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ከበሩ ውጭ የሚጠብቃቸው ቤት ግን አልነበረም።

ኀፍረትን በምርቃት መለወጥ

በአገራችን ከመሰወር ሌላ የቆየ መንገድ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀመጠው ሕመምተኛ ስለ ማርያም ብሎ ይለምናል፤ የሰጠውንም መርቆ ይሸኘዋል። ያለ ተመጽዋች ጽድቅ የሚያገኝ መጽዋች የለምና፣ ለማኙ ተቀባይም ሰጪም ነው። የቍስጥንጥንያ ንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ማንነቱን ሰውሮ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ የኖረው የገብረ ክርስቶስ ገድል በሕሙማኑ ዘንድ የተወደደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የካርቪሉ ሰው የሰወረው እንዳያሳፍር የሚፈራውን ነው፤ ገብረ ክርስቶስ የሰወረው ክብሩን ነው። ገድሉን የሰማ ሕመምተኛ ከደጅ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም ብሎ ለመጽናናት ይችላል።

ላሊበላዎች ወይም አሚናዎች የሚባሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው። ጎሕ ሳይቀድ ፊታቸውን ሸፍነው በየደጁ ያዜማሉ፤ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው በዜማቸው ያነሣሉ፤ ሲሰጣቸው መርቀው ያልፋሉ። ዜማውን የተወ ሰው ሥጋ ደዌ ይይዘዋል የሚለው እምነት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ በዚህም ምክንያት ሕመሙ ፈጽሞ የሌለባቸው ሰዎች እንኳ ሲያዜሙ ይገኛሉ። ኀፍረት እንዲህ ሥርዓትና ውርስ ሆኖ ሲኖር ታይቷል። ግን ዋጋ አስከፍሏል፤ ምርቃቱ ይወደዳል፣ የመራቂው ፊት ግን አይታይም።

ከመሰል ጋር መኖር

ሦስተኛው መንገድ ስለ ሕመሙ የሚጠይቅ በሌለበት መኖር ነው። በ1901 የካፑሲን ሚሲዮናውያን በሐረር የሕሙማን መንደር አቋቋሙ። በ1930ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ዳርቻ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው ሆስፒታል ተከፈተ። በዚሁ ቦታ በ1965 ለመላው አፍሪካ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው አለርት ተመሠረተ፤ በ1970ም የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ተጨመረ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡት ሕሙማን ብዙዎቹ ወደ መንደራቸው አልተመለሱም። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ተጋብተው፣ ልጅ አሳድገው፣ ሲሞቱ የሚቀባበሩበት እድር አቋቁመው ኖሩ። በዚያ ሰፈር የታጠፈ ጣት ማንንም አያስገርምም፤ ሰው በጠባዩና በሥራው ይታወቃል። ከሰፈሩ ሲወጡ ግን ሌላ ነገር አለ፤ የሰፈሩን ስም መናገር በሽታውን እንደ መናገር ይቆጠር ነበር። ከወላጆቹ ቤት ተነሥቶ ሥራ ሊፈልግ የሚሄድ ጤነኛ ልጅ፣ የት ትኖራለህ ሲባል የሌላ ሰፈር ስም የሚጠራበት ጊዜ ነበር። የካርቪል ሰው የራሱን ስም ይለውጥ ነበር፤ የእኛ ልጅ የሰፈሩን ስም ለወጠ።

ኀፍረትን ለመናገር

በ1981 የዓለም የጤና ድርጅት ዳፕሶን፣ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን በአንድነት እንዲሰጡ መከረ። ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወር ወይም ዓሥራ ሁለት ወር ይወስዳል፤ ሕመምተኛውም መድኃኒቱን ከጀመረ ጥቂት ቆይቶ ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ከዚህ ወዲህ በዓለም የሕሙማኑ ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ይሁን እንጂ በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ምርመራቸው ቀን አካላቸው ተጎድቶ ይታያሉ። የተጎዳ ነርቭ ሁልጊዜ አይመለስም። መድኃኒቱ ተሕዋሲውን ይገድላል፤ በመሸሸግ ያለፉትን ዓመታት ግን አይመልስም።

ሕሙማኑ በገዛ ስማቸው መናገር የጀመሩት ዘግይተው ነው። በ1994 በብራዚል ፔትሮፖሊስ ላይ ሕመሙ የደረሰባቸው ሰዎች ራሳቸው ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። በአገራችንም በ1990ዎቹ ዓመታት የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። በ2010 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በእነርሱና በቤተሰቦቻቸው ላይ የሚደረገው አድልዎ እንዲወገድ የሚያሳስበውን ውሳኔ አሳለፈ። በታሪኩ ውስጥ ኀፍረቱን ከሁሉ ይበልጥ ያቀለለው ይኸኛው መንገድ ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሰዎቹ ለመናገር የበቁት የሚሰማቸው ጓደኛና የሚድኑበት መድኃኒት ካገኙ በኋላ ነው። ድፍረት ከባዶ ሜዳ አልበቀለም።

ወደ ተነሣንበት ተረት እንመለስ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ማለት እውነት ቢሆንም፣ የተናገረ ሰው ምን እንደሚያገኝ መወሰኑ የእኛ ፈንታ ነው። ሕመምተኛው እጅጌውን ሰብስቦ የማይሰማውን ቦታ ሲያሳየን፣ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ በሩን መልሶ ይዘጋዋል። ስሙን ጠርተን፣ እጁን በእጃችን ይዘን የመረመርነው እንደሆነ ግን፣ በሚቀጥለው ጊዜ እኅቱን ይዞ ይመጣል።