የጦሳ ተዳፋትና የቦርከና ጎርፍ
ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ከእርሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። ሁለቱንም የቦርከና ወንዝ ያገናኛቸዋል።

ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ በዚህ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ አንዱ አደጋ ለሌላው መንገድ ይጠርጋል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ከማፈራረሱም በላይ ገደሎችን ንዶ አውራ ጎዳናውን ሰነጣጥቋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ወሎን አራቁቷል።

መሬት በመንቀጥቀጥ ሲላላ፣ ተዳፋትም በድርቅ ሣሩን ሲያጣ፣ የክረምቱ ዝናብ አፈርና ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። ደለሉ የቦርከናን ወለል በሞላው መጠን ውሃው ወደ ኮምቦልቻ ሰፈሮች ይገነፍላል። ስለዚህ የኮምቦልቻን ጎርፍ በኮምቦልቻ ብቻ መግታት አይቻልም፤ ጥበቃው ከጦሳ ተዳፋት መጀመር ይኖርበታል።